ትእዛዝ ነው ወይስ የቤታችን ደንብ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ባህልና ስለ ፖለቲካ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጠናል። ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የ5፣ የ9 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉን። የቤተሰብ ጸሎት እንጀምራለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይቆማል። ትልቁ ልጅ ስልኩን ያያል፣ ትንሿ ታንቀላፋለች፣ እኔም እቆጣለሁ። ምን ብናደርግ ይሻላል? — የሦስት ልጆች አባት

መልስ፦ የቤተሰብ ጸሎትን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆመው ርዝመቱ ነው። አባት ከመድረክ የሰማውን ዓይነት ስብከት ቤት ውስጥ ሊደግም ይሞክራል፤ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ 40 ደቂቃ ዝም ብላ መቀመጥ አይሆንላትም። ስላልሆነላት ስትገሠጽ ጸሎትንና ቁጣን አንድ ላይ አድርጋ ትይዛለች። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይብቃችሁ፦ ትንሿ በቃሏ የምታውቀው አንድ መዝሙር፣ ከ10 እስከ 20 ቁጥር የሚሆን ንባብ፣ አራት አምስት ደቂቃ ጥያቄና ጨዋታ፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚልበት ጸሎት። ልጆቹ ገና ሳይሰለቹ ጨርሱ።

በማርቆስ ወንጌል ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ነው፤ በየምሽቱ ግማሽ ምዕራፍ ብታነቡ 32 ምሽት፣ በሳምንት አምስት ቀን ከያዛችሁ ስድስት ሳምንት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ታሪኩ ስለሚሮጥ ትንሿም ትከተላለች። ከዘፍጥረት ተነሥቶ ሁሉንም ለመጨረስ ያሰበ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ዘጸአት 25 ላይ፣ የማደሪያው ድንኳን ልክና መጋረጃ ሲመጣ፣ ይደክመዋል። (ክፍሉ ለአዋቂ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለ5 ዓመት ልጅ ግን ከባድ ነው።) ከማርቆስ ቀጥሎ 31ዱን የምሳሌ ምዕራፎች በወሩ ቀን ልክ መውሰድ ይቻላል፤ ከየምዕራፉ አምስት ቁጥር ብቻ።

ጥያቄው እንደ ዕድሜያቸው ይሁን። ለትንሿ «ማን ነበር? ምን አደረገ?»፤ ለመካከለኛው «ለምን ይመስልሃል?»፤ ለ14 ዓመቱ «ያላሳመነህ ነገር አለ?» በሏቸው። የመጨረሻው ወላጅን ያስፈራል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። መልሱን ካላወቁት ደብተር ላይ ይጻፉትና ሳምንቱ ሳያልቅ ይዘውለት ይመለሱ። አባት በጥያቄ ከተቆጣ ጥያቄው አይጠፋም፤ ልጁ ሌላ ሰው ዘንድ ይዞት ይሄዳል። ደግሞም በሳምንት አንድ ምሽት ትልቁ ልጅ ራሱ ይምራ። ጊዜውን በሰዓት ከመወሰን ይልቅ በየቀኑ ከሚሆን ነገር ጋር አያይዙት፤ እራት እንዳለቀ፣ ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ። ስልክ ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ያመለጠው ምሽት አይካካስ፤ በማግስቱ እጥፍ የሆነ ጸሎት ሦስተኛውን ቀን ያስቀራል።

የቁጣው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ኤፌሶን 6፥4 «አታስቆጡአቸው» ሲል የሚናገረው ለአባቶች ነው። ከተቆጡ፣ በዚያው ምሽት ከመዝሙሩ በፊት ልጁን ይቅርታ ይጠይቁ፤ ክብርዎን አይቀንሰውም።

ዘዳግም 6፥7 ለማስተማር አራት ጊዜ ይጠራል፦ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ። የምሽቱ ጸሎት ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይሸፍናል። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ በ1647 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ አምልኮ መመሪያ ሲያጸድቅ፣ አምልኮውን ቸል ያለ የቤት ኃላፊ እንዲገሠጽ አዝዞ ነበር። አባቶች ነገሩን ምን ያህል ከባድ አድርገው እንዳዩት ከዚህ ይታያል። ቢሆንም ትእዛዙ ልጆችን ማስተማር ነው፤ «ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ» የሚለው የእኛ ምክር ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ምን እንደሚከተል ቀጣዩ ደብዳቤ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከመዝሙር ሌላ ማንኛውም ሙዚቃ፣ ፊልምና ጸጉር መቀባት ኃጢአት ነው ብሎ ከልክሏል። የ15 ዓመት ልጃችን «ጥቅሱ የት አለ?» ትላለች። እኔ ደግሞ አንዳንዱ ችግር የለውም ባይ ነኝ፤ እፊቷ እንጨቃጨቃለን። — ግራ የገባት እናት

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀችው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቁጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል። በክርስቲያን ቤት ያለው ደንብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እግዚአብሔር በግልጽ ያዘዘው አለ፦ አትስረቅ፣ አታመንዝር፣ በሐሰት አትመስክር። ከትእዛዙ ተነሥተን በማስተዋል የደረስንበት አለ፤ ለምሳሌ ዝሙትን የሚያስናፍቅ ነገር በዓይን አለማስገባት። ለዚህ ቤት ብቻ የወጣ ደንብም አለ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ መኝታ ክፍል አይገባም እንደማለት። አባት ሦስተኛውን ዓይነት «ኃጢአት ነው» ብሎ ሲጠራው አደጋው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ልጅቷ አንድ ቀን ጸጉር ስለመቀባት የሚከለክል ጥቅስ እንደሌለ ታረጋግጣለች፤ ያን ጊዜ ስለ ዝሙት የተነገራትም ከዚያው ወገን ይመስላታል።

ታዲያ ቤት የራሱ ደንብ አይኑረው ማለት ነው? ኤርምያስ 35ን አንብቡ። የሬካባውያን አባት ኢዮናዳብ ልጆቹን የወይን ጠጅ እንዳይጠጡ፣ ቤት እንዳይሠሩ፣ በድንኳን እንዲኖሩ አዝዟቸው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ነቢዩ በእግዚአብሔር ቤት የወይን ጠጅ አቀረበላቸው፤ እንቢ አሉ፤ እግዚአብሔርም አመሰገናቸው። ልብ በሉ፦ በዚያ ምዕራፍ ይሁዳ ሁሉ የወይን ጠጅ እንዲተው አልታዘዘም። የአባት ደንብ በቤቱ ተከበረ፤ የጎረቤት ኃጢአት መለኪያ ግን አልሆነም። ልጅዎም ሁለቱንም ትስማ፦ ይህ ደንብ የእኛ ነው፤ የእኛም ቢሆን በዚህ ቤት እስካለሽ ትታዘዢዋለሽ።

አንድ ምሽት ልጅቷ ሳትኖር ከባለቤትዎ ጋር ተቀመጡ። የቤቱን ደንቦች በሙሉ በወረቀት ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን «ትእዛዝ»፣ «ማስተዋል» ወይም «የቤት ደንብ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ትእዛዝ ካላችሁት ጎን ምዕራፍና ቁጥሩ ይጻፍ፤ ካልተገኘለት ወደ ሌላው ይዙር። የቤት ደንብ ያላችሁት ደግሞ የሚከለስበት ቀን ይኑረው፤ ለ15 ዓመት ልጅ ስድስት ወር ተገቢ ነው። እስክትስማሙ ድረስ የነበረው ደንብ ይጽና፤ ክርክሩ ግን እፊቷ አይሁን። ወላጆቿ እንደተለያዩ ያወቀች ልጅ ከደንቡ ጋር ሳይሆን ከወላጆቿ ልዩነት ጋር መሥራት ትጀምራለች።

ስለ ባህል ነገር ከ1ኛ ቆሮንቶስ 8 እስከ 10 ካለው የተሻለ መማሪያ አናውቅም። ለጣዖት የተሠዋው ሥጋ አንድ ነው፤ ጳውሎስ ግን በሦስት ቦታ ሦስት መልስ ይሰጣል። በጣዖቱ ማዕድ መቀመጥ አይቻልም (10፥21)። ገበያ የተሸጠውን ሳይጠይቁ መብላት ይቻላል (10፥25)። ሰው ቤት ከተጋበዙ ይበላል፤ «ይህ የተሠዋ ነው» የሚል ሰው ከተገኘ ግን ስለዚያ ሰው ሕሊና ይተዋል (10፥27-28)። ስለ ዘፈኑም ስለ በዓሉም ስለ ልብሱም እንዲሁ ጠይቁ፦ በዚህ ነገር መገኘቴ አምልኮ ነው? ወይስ እቃው በሌላ እጅ ያለፈ ብቻ ነው? አጠገቤ ያለው ሰውስ ምን ብሎ ይረዳዋል?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በየጉባኤው ይታያል። «ደካማው ወንድም» የሚባለው ያየው ነገር ደስ ያላለው ሽማግሌ አይደለም። 8፥10 እንደሚለው፣ የሌላውን አይቶ ከሕሊናው ጋር ተጣልቶ የሚበላ ሰው ነው። «አሰናከልሽኝ» ማለትና «አልወደድኩልሽም» ማለት ይለያያሉ።

ፊልምን በተመለከተ «ኃጢአት አለበት» የሚለው መለኪያ አይሠራም፤ መሳፍንት 19ና 2ኛ ሳሙኤል 11ም ኃጢአት ይተርካሉ። የሚሻለው መለኪያ ታሪኩ ምን እንድመኝ ይፈልጋል የሚለው ነው። ክፋትን ክፉ አድርጎ ያሳያል ወይስ የሚያስቀና ያደርገዋል? በወር አንድ ፊልም አብራችሁ እዩ፤ አንድ ሁለት ቦታ አቁማችሁ ይህንኑ ጠይቋት። የወሲብ ምስል ግን ከዚህ ውይይት ውጭ ነው፤ ማቴዎስ 5፥28 ዘግቶታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ራስ እኔ ነኝ» እያለ የገንዘቡን ነገር አይነግረኝም። ሳላውቅ ለጓደኛው ብድር ዋስ ሆኗል። ብናገር አለመገዛት ይሆንብኛል? — እህታችሁ

መልስ፦ አይሆንብሽም፣ እህታችን። ባል ራስ መሆኑን እናምናለን፤ ኤፌሶን 5፥25 ግን የራስነቱን ልክ በመስቀሉ ይሰፍረዋል፤ ራሱን አሳልፎ መስጠት ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ይናገራል። ምሳሌ 31 የሚያመሰግናት ሴት እርሻ አይታ ትገዛለች፤ ቤቱ ምን እንዳለው ሳታውቅ ይህን ልታደርግ አትችልም። ዋስነትንማ ምሳሌ 6፥1-5 በስም ጠርቶ ያስጠነቅቃል።

በወር አንድ ጊዜ 45 ደቂቃ ይኑራችሁ፦ የገባ፣ የወጣ፣ ያለብን ዕዳ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ትልቅ ወጪ። ዋስነትና ብድር ሁለታችሁ ካልፈረማችሁ አይሁን። እንቢ ካለ የሚያከብረው አንድ ሽማግሌ ይግባ። እጁን የሚያነሣብሽ ከሆነ ግን ነገሩ የምክር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ከልጆችሽ ጋር አስተማማኝ ቦታ ሂጂ፣ ለሕግም አመልክቺ። ሮሜ 13፥4 ባለሥልጣን ክፉ አድራጊውን እንዲቀጣ የቆመ ነው ይላል፤ ቤት ውስጥ የተመታ ሰው ከዚህ ጥበቃ አልወጣም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ደረሰኝ ላይ ያልሆነ ቀን እንድጽፍ ያዘኛል። ሥራዬን ብለቅ ይሻላል? — ታናሽ ወንድማችሁ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለመልቀቅ አትቸኩል። ዳንኤል 1ን እይ። የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተማረ፣ የሰጡትንም ስም ተሸከመ፤ ያልተቀበለው የንጉሡን ማዕድ ነው። እንቢ ሲልም ቤተ መንግሥቱን አልተሳደበም። መጀመሪያ አለቃውን ጠየቀ፤ አለቃው ሲፈራ ወደ መጋቢው ሄደ፤ የ10 ቀን ሙከራ አቀረበ፤ ውጤቱን ራሳቸው እንዲፈርዱ ተወላቸው።

አንተም እንዲሁ። ምናልባት ያላወቅከው ሕጋዊ ምክንያት ካለ አስቀድመህ አረጋግጥ። ከዚያ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገረው፤ «አንተ ሌባ ነህ» ሳይሆን «ይህን ቀን መጻፍ አልችልም» በል። ሌላ መንገድ አብረህ አቅርብ፤ ትክክለኛውን ቀን ጽፎ ስለ መዘግየቱ ማብራሪያ ማያያዝ ይቻላል። መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ከሁሉ በፊት ግን የሦስት ወር ወጪ ለማጠራቀም ጣር፤ ብዙ ሰው ሕሊናውን የሚሸጠው የወሩ ኪራይ ሲያስጨንቀው ነው። ቢያባርርህ ያን ጊዜ መከራውን የተቀበልከው ስለ ጽድቅ ነው። በሥራ ሰዓት ስለሰበክህ ወይም ስላረፈድክ ብትገሠጽ ግን ስደት አትበለው፤ 1ኛ ጴጥሮስ 2፥20 ልዩነቱን ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ምርጫ ቀርቧል። አንዱ ተወዳዳሪ በጋብቻና በቤተሰብ ጉዳይ የእኛን አቋም ይዟል፤ በጉቦ ግን ስሙ ይነሣል። ሌላው እጁ ንጹሕ ነው ይባላል፤ አቋሙ ግን ከእምነታችን የራቀ ነው። መጋቢያችን ከመድረክ የመጀመሪያውን በስም ጠቅሶ «ምረጡ» ይላል። ምን እናድርግ? — የጉባኤ አባል

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ነው፤ የመድረኩን እናስቀድም። መጋቢ ቃሉ የሚናገረውን ሁሉ መናገር አለበት፤ ስለ ሰው ሕይወት ክቡርነት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ስለ መጻተኛና ስለ ድሀ አደግ። አንዱን ወገን የሚነካውን መርጦ ሌላውን የሚዘል ከሆነ ጥቅሱ ቢበዛም ቅስቀሳ ነው። «እገሌን ምረጡ» የሚለው ደግሞ የማስተዋል ፍርድ ነው፤ ከመድረክ ሲወርድ ግን አድማጭ እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል፤ ሌላውን የመረጠ አማኝም ከቃሉ የወጣ ይመስለዋል። በ1ኛ ነገሥት 22 አራት መቶ ነቢያት ንጉሥ አክዓብን በአንድ ድምፅ ሲደግፉ ሚክያስ ብቻ ተቃወመ፤ እውነቱም ከእሱ ጋር ነበር። አንድ ሰባኪ ራሱ የሚወደውን ፓርቲ የሚያስከፋ ቃል ከመድረክ ተናግሮ ያውቃል? ይህን መጠየቅ ብዙ ያሳያል።

በ1934 እ.ኤ.አ.፣ በናዚ ዘመን፣ በጀርመን ባርመን የተሰበሰቡ የሉተራን፣ የተሐድሶ (የካልቪን ወገን) እና የተባበሩት አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች፣ ቤተ ክርስቲያን መልእክቷን ለወቅቱ የፖለቲካ አስተሳሰብ አሳልፋ መስጠት አትችልም ብለው አወጁ። ስለ አይሁድ መሳደድ አንድም ቃል አለማለታቸው ትልቅ ጉድለት ነው፤ የመድረኩን ጉዳይ ግን በትክክል ለይተውታል። መጋቢዎን በማኅበራዊ ሚዲያ አይንቀፉ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥1 እንደሚለው እንደ አባት ይለምኑት፤ ብቻዎን ሄደው፣ ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ይዘው።

አሁን ወደ ድምፁ። ዘጸአት 18፥21 ለሹመት አራት ነገር ይጠይቃል፦ ችሎታ፣ እግዚአብሔርን መፍራት፣ ታማኝነት፣ ያለ አግባብ የሚገኝ ጥቅምን መጥላት። ስለዚህ ጉቦን መጥላት «ዓለማዊ» መለኪያ ነው ብሎ ከቤተሰብ ጉዳይ በታች ማስቀመጥ አይቻልም። ዘዳግም 17 ንጉሥ ፈረስ፣ ሚስት፣ ብርና ወርቅ እንዳያበዛ፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ያዛል።

ብዙ አማኝ የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ወንበሩ ምን ዓይነት ሥልጣን አለው? የአካባቢ ምክር ቤት አባል የጋብቻ ሕግ አያወጣም፤ ጨረታና መሬት ግን በእጁ ያልፋል፤ እዚያ ጉቦው ይከብዳል። ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚገባው ሰው ደግሞ በጋብቻና በሕይወት ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ እዚያ አቋሙ ይከብዳል። በወረቀት ላይ መጀመሪያ ወንበሩ የሚወስናቸውን አራት አምስት ጉዳዮች፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በእነዚያ ላይ ያደረገውን ይጻፉ፤ የተናገረውን ሳይሆን ያደረገውን። «ስሙ ይነሣል» የሚለውንም ያጣሩ፤ ዘዳግም 19፥15 ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል።

ፍጹም ሰው ካልተገኘ ከፊል መልካሙን መያዝ ክህደት አይደለም። የብሪታንያ ፓርላማ አባል የነበረው ዊልያም ዊልበርፎርስና ጓደኞቹ በ1787 እ.ኤ.አ. ሲነሡ ያነጣጠሩት ባርነቱን ሳይሆን የባሪያ ንግዱን ነበር፤ መጀመሪያ የሚቻለውን መረጡ። በ1791 በፓርላማው በ163 ለ88 ድምፅ ተሸነፉ፤ ንግዱ የተከለከለው በ1807 ነው፤ በብሪታንያ ግዛቶች ባርነትን የሻረው ሕግ የወጣው በ1833 ነው። ያኔም መጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሰው ለባርነት የተከራከሩ ነበሩ፤ ጥቅስ ማብዛት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አንድ ትእዛዝ የሚያምኑ ሁለት ሰዎች በመጨረሻ ሁለት የተለያየ ምልክት ቢያደርጉ ጌታን የከዳ የለም። አለመምረጥም የሕሊና ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ከኃላፊነት ማምለጫ ግን አይደለም። ከምርጫው በኋላ ያልመረጡት ቢያሸንፍ ስሙን ጠርተው ይጸልዩለት። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-2 ሲጻፍ ዙፋኑ ላይ የነበረው ንጉሥ አማኝ አልነበረም።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ኃጢአት ያለው ሁሉ በአገር ሕግ ሊከለከል አይገባም? — የሕግ ተማሪ

መልስ፦ አይገባም። ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱ «አትመኝ» ነው፤ ምኞትን ግን ዳኛ ሊያይ አይችልም፤ በሙሴ ሕግም ቅጣት አልተመደበለትም። ጌታ በማቴዎስ 19፥8 ሙሴ ፍቺን የፈቀደው ስለ ልባቸው ጥንካሬ እንደሆነ ይናገራል፤ እግዚአብሔር ያልወደደውን ነገር የሙሴ ሕግ ገደብ አበጅቶለት እንጂ ሙሉ በሙሉ አልከለከለውም። ሕግ ባልንጀራን ከጉዳት ይጠብቃል፤ ልብን አይለውጥም። እምነትን በግድ ማስያዝማ ከጥንት የተነቀፈ ነው፤ የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊ የነበረው የካርቴጁ ተርቱሊያን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአንድ ሮማዊ ገዥ ሲጽፍ ሃይማኖትን ማስገደድ የሃይማኖት ሥራ አይደለም ብሎታል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በቤተሰባችን የስልክ ቡድን ውስጥ በየቀኑ ስለ ሌላው ፓርቲ ደጋፊዎች የሚያዋርድ ነገር ይልካል። ብዙው ሐሰት ነው። እሱ ግን አማኝ ነው። — ታናሽ እህቱ

መልስ፦ ይህ የማስተዋል ጉዳይ አይደለም፤ ዘጸአት 23፥1 ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል ይላል። ቢሆንም ታላቅሽ ነውና በቡድኑ ፊት አታርሚው። ደውዪለት። የላከውን ሁሉ አትደርድሪ፤ ሐሰትነቱ የተረጋገጠ አንድ መልእክት ብቻ ምረጪና «ወንድም ዓለም፣ ይህን አጣርቼ እንዲህ አገኘሁት» በዪው። ማጣራት የሚያውቅ ካልሆነ አሳዪው፦ ወሬውን መጀመሪያ ያወጣው ማነው? ፎቶው የተነሣው መቼ ነው? ሐሳባችንን የማይጋራ ሌላ የዜና ምንጭ ዘግቦታል? በ10 ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልተገኘ መልእክቱ አይላክ። የላከው ሐሰት ከሆነ ደግሞ ማረሚያውን የሚልከው እዚያው ቡድን ውስጥ፣ ራሱ ነው። አንቺ ብትልኪለት ግን ክርክሩ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ይሆናል፤ ወሬው የተነገረበት ሰው ስምም ሳይነጻ ይቀራል።